ምዕራፍ ስድስት፦ ወይራ፣ ቀንድ፣ ቀለህ

ቡሬ ገበያ ውስጥ፣ ከበርበሬው ተራ አለፍ ሲሉ፣ አሮጌ ብረት የሚቸረቸርበት ጥግ አለ። ማዳበሪያ መሬት ላይ ተነጥፎ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ፣ ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር፣ የበር ማጠፊያ፣ ወገል፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ቢላዋ ይደረደርበታል። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴትዮ ፊት ቁጢጥ ብዬ አንዱን ቢላዋ አነሣሁ። በመሞረድ ብዛት ስለቱ ከጣት ቀጥኗል። ሴትዮዋ ዋጋ ሊጠሩ ሲዘጋጁ፣ «ብረቱ የድሮ ነው፤ እየው፣ ገና ፀጉር ይላጫል» አሉኝ። እኔ ብረቱን ትቼ እጀታውን ወደ ፀሐይ አዞርኩት፣ በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት፣ አሸተትኩት። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የፈለግኸው እንጨት ከሆነ ማገዶ ተራ ወዲያ ነው» አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቢላዋውንም ገዛሁ።

ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። ቢላዋ የሚገዛ ሰው ስለት ነው የሚገዛው። ለሚሰበስብ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚቀጠቀጠው ብረት ባመዛኙ የከባድ መኪና ባሌስትራ፣ የግንባታ ፌሮ ወይም ያለቀ ሞረድ ነው። በየትኛው አገር ቀልጦ፣ በየትኛው መንገድ እዚህ እንደደረሰ በላዩ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። እጀታው ግን የሰፈሩ ነው፤ የጓሮው ዛፍ፣ ለፋሲካ የታረደው በሬ፣ አንድ ቀን የተተኮሰው ጥይት፣ የተሰነጠቀው ጀሪካን። ደግሞም እጀታ ይለወጣል። አንድ ስለት በዕድሜው ሦስትና አራት እጀታ ሊያልፍበት ይችላል፤ እያንዳንዱ በገባበት ዘመን ቤቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ይናገራል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከደንበጫና ከቡሬ ያጠራቀምኳቸውን ቢላዋዎች ሳጥን ውስጥ የደረደርኳቸው በስለታቸው ርዝመት ሳይሆን በእጀታቸው ነው።

አማርኛ ለመያዣ ብዙ ስም አለው። አራሽ እርፍ ይጨብጣል፤ መጥረቢያ ዛቢያ ይገባለታል፤ ድስት በጆሮው ይነሣል። ቢላዋ፣ ካራ፣ ማጭድና ሰንጢ ግን ያላቸው እጀታ ነው፤ ቃሉ ራሱ ከእጅ የወጣ ነው። የቢላዋዎቹ ስም ደግሞ በገበያ ላይ ይቀላቀላል። ካራ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰፋ ረዘም ያለው፣ ለሥጋ የሚወጣው ነው። ጩቤ ጫፉ የሾለው፣ ከወገብ የሚሻጠው ነው። ሰንጢ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባው ነው፤ እረኛ ዱላ የሚልግበት፣ ሸንበቆ ቆርጦ ዋሽንት የሚጀምርበት።

ከሰንጢ ልጀምር፤ የእጀታ ነገር ጎልቶ የሚታየው በእሱ ላይ ነውና። ሌላው ቢላዋ አፎቱ ከቆዳ ይሰፋለታል። የሰንጢ አፎት ራሱ እጀታው ነው። በአንድ ቁራጭ ነገር ላይ ሁለት ሥራ ይጫናል፤ ይጨበጣል፣ ስለቱንም ይውጣል። ተራ ቢላዋ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ እንጨት ቢበዛ መዳፍ ይሞላል እንጂ ሌላ ጥፋት የለውም። ሰንጢ ላይ ሲሆን ስለቱን ጨምድዶ አላወጣም ይላል። በክረምት፣ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም በማያባራበት ጎጃም፣ የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ በጥርስ እየተነከሰ ሲከፈት አይቻለሁ።

ይህ ጣጣ ጎጃም ላይ ብቻ ያለ አይደለም። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቮይ ተራሮች መሥራት የጀመረው ሰንጢ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በእንጨት እጀታው ነው፤ እርጥበት ሲነካው አብጦ መክፈት እንደሚያስቸግርም ገዢዎቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ያም ሆኖ አልተዉትም። ጃፓኖች በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሂጎኖካሚ ሰንጢያቸው ላይ እንጨቱን ጨርሰው አስወግደው እጀታውን ከታጠፈ ቆርቆሮ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1929 በፈረንሳይዋ ቲዬር ከተማ የወጣውና በሰሜን አፍሪካ ገበያ የገነነው ዱክ ዱክም እንዲሁ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያው የስዊስ ወታደር ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲታደል እጀታው የጠቆረ የባሉጥ እንጨት ነበር፤ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ቀዩ ፕላስቲክ የኋላ ነገር ነው። ሦስቱም አገሮች የተሟገቱት ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው፦ ውኃ የማይጠጣ፣ እጅ የማያንሸራትት፣ ርካሽ ነገር ከየት ይመጣል?

ከእኔ ሳጥን ውስጥ ካሉት ሰንጢዎች አብዛኞቹ የፋብሪካ ናቸው። ደስ የሚለኝ ግን የፋብሪካ መልካቸውን ያጡት ናቸው። አንዱ ከማንኩሳ የመጣ ነው። የፋብሪካው ፕላስቲክ ተሰብሮ ስለቆየ፣ አንድ ሰው በግራ በኩል የበሬ ቀንድ፣ በቀኝ በኩል ወይራ ለጥፎበታል። ሁለቱን ያጣበቀው የተቆረጠ ምስማር ነው፤ ጭንቅላቱ በመዶሻ ተደፍጥጦ እንደ ምስር ክክ ሆኗል። ለምን ሁለቱንም ወገን በአንድ ዓይነት እንዳላደረገው የሸጠልኝን ሰው ጠየቅሁት። «ቀንዱ አንድ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ምን እንደምጠብቅ ግራ ገብቶት።

አሁን ወደ ባለ እጁ ቤት እንሂድ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ላህ ወንዝ በሚወርደው አቅጣጫ፣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሽማግሌ አሉ። ብዙ ቀን ደጃቸው ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ግራና ቀኙን እያፈራረቀ ይጫነዋል። ከሰሉ ድሮ የጫካ ዛፍ ነበር፤ አሁን ብዙው ከአዊ በኩል፣ ገበሬው በማሳው ከተከለው ከአካሲያ ደከረንስ የሚከስለው ነው። ብረቱ የኤንትሬ መኪና ባሌስትራ ነው። ለምን ባሌስትራ? ብላቸው፣ «ፌሮ ቶሎ ይጎብጣል፤ ይሄ ይመለሳል» አሉኝ። መልሳቸው መጽሐፍ ከሚለው ጋር ልክ ነው። የመኪና ባሌስትራ ብረት ውስጥ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለ፤ ግሎ ውኃ ሲነካ የሚጠነክረው ለዚያ ነው። ፌሮ የዚያን ግማሽ እንኳ ቢይዝ ነው፤ ስለት ያወጣል እንጂ ስለቱን አያቆይም።

እጀታው የሚገባበትን ጊዜ ልብ ብዬ ያየሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የተቀጠቀጠው ስለት ከበስተኋላው እንደ ወስፌ የቀጠነ ጭራ ተትቶለታል። ሽማግሌው ስንዝር የማይሞላ የወይራ ቁራጭ በመጥረቢያ ጠርበው ጉልበታቸው መሃል ያዙት፤ ጫፉ ላይ በጋለ ብረት ጠቆም አድርገው መነሻ ቀዳዳ ሠሩለት። ከዚያ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጭራውን ብቻ ከሰል ውስጥ ከተቱ። ፍም ሲመስል በጉጠት አውጥተው እንጨቱ ላይ ተከሉትና የእንጨቱን ቂጥ በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። ቢላዋውን ሳይሆን እንጨቱን ነው የሚመቱት፤ እንጨቱ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ጢሱ ቱ... ብሎ ወጣ። ሽታው ለጠላ የታጠነ ጋን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ድግስ ያለ መሰለው። ጭራው ቀዳዳውን እያቃጠለ ራሱ ልኩን ሠራ። ሦስት አራት ምት ያህል ሲቀረው ቆም ብለው አዩት፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቀጥ ማለቱን ለኩ፣ የመጨረሻውን መትተው ውኃ ውስጥ ነከሩት። ሙጫ የለም፣ ምስማር የለም። የከሰለው የቀዳዳው ግድግዳ ብረቱን እንደ ሻካራ መዳፍ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የዚህን ምዕራፍ ግማሽ እውነት እደብቃለሁ። ያ ቢላዋ በየቤቱ አለ። ልጅ ሲወለድ እትብት ይቆረጥበታል፤ በግ ይባረክበታል፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል። የሠራው ሰው ግን ለብዙ ዘመን «ጠይብ» እየተባለ፣ ቡዳ ነው እየተባለ፣ ልጁን ለልጁ የሚሰጠው ጠፍቶ ነው የኖረው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ላህ ዳር ያሉት ሽማግሌ ቤት አንድ ደንበኛ ማጭዱን አስልቶ ሲሄድ፣ የቀረበለትን ጠላ ከንፈሩን እንኳ ሳያስነካ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በብዙ አሮጌ ቢላዋ ላይ የሠሪው ምልክት የማይገኘው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁኝ ሰብሳቢዎች አሉ። በእንግሊዝ ሼፊልድና በጀርመን ዞሊንገን ብዙ ጊዜ ስለቱ ላይ የፋብሪካው ስም ይታተማል። በእኛ ዘንድ ሠሪው ስሙን ቢያትም ማን ይኮራበት ነበር?

ደግሞም ብዙ እጀታ የባለ እጁ ሥራ አይደለም። ገበሬው ስለቱን ብቻ ይገዛና እጀታውን ቤቱ ያበጃል። የማጭድ እጀታ እንደሚያበጅ፣ የመጥረቢያ ዛቢያ እንደሚጠርብ፣ ያንንም በዚያው እጁ ይሠራዋል። የእንጨት ዕውቀቱን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

ወይራ አንደኛ ነው። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ደርቆም ክብደቱ ከውኃ ብዙ አያንስም፣ ልቡ ቡና ቀለም ሆኖ ጥቁር ጅማት ይሄድበታል። ጭራው ሲቃጠልበት አይሰነጠቅም፤ ለዓመታት ቅቤና ላብ ሲጠጣ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል። ዋንዛ ሌላ ነገር ነው። የወይራን ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው፤ ለመጥረብ ይቀናል፣ ስለዚህ ከበሮም ገበታም ወንበርም የሚሆነው እሱ ነው። ለቢላዋ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። እኔ ግን ለዚህ ነው የምወደው፤ ባለቤቱን ይመስላላ። ከደንበጫ ገጠር ያገኘሁት አንድ የዋንዛ እጀታ በአንድ ወገን የአውራ ጣት ጎድጓዳ አለው፣ የስኒ ማስቀመጫ ያህል የሰመጠ። ቢላዋውን በቀኝ እጄ ስይዘው ጣቴ ከጎድጓዳው ጋር አይገናኝም። በግራ ስይዘው ልክክ ይላል። ባለቤቱ ግራኝ ነበር፤ ወይም ነበረች። ይህን በወይራ ላይ አላገኘውም ነበር፤ ወይራ ለማንም አይጎደጉድም።

ክትክታ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ቀጭን ስለሆነ ለትንሽ ሰንጢ ወይም ለወስፌ ካልሆነ አይበቃም። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስላለ ይገባል እንጂ ተመርጦ አይገባም። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ሳጥኔ ውስጥ ካሉት የባሕር ዛፍ እጀታዎች በሽቦ ያልታሰረ አላገኘሁም።

እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። በነሐሴ ጥርቅም ያለ እጀታ በመጋቢት የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው። በገጠር ያለው መድኃኒት ቢላዋውን ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ይጠብቃል፣ ሰው ይደሰታል። ይህ ዘዴ ሳምንት አያቆይም። ያበጠው እንጨት ብረቱ ላይ ራሱን ይጨፈልቅና ሲደርቅ ከፊተኛው ይበልጥ ይለቃል። የሚሻለው ደረቁን እጀታ ዘይት ማጠጣት ነው። ብዙ ሰው ቅቤ ይቀባል። ቅቤ አይደርቅም፤ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። ጎጃም ግን በየማሳው ኑግና ተልባ የሚያበቅል አገር ነው። የሁለቱም ዘይት አየር ሲነካው እየደረቀ ስስ ቆዳ የሚያበጅ ዓይነት ነው፤ በሌላው ዓለም አናጢና ሠዓሊ ለዘመናት የተጠቀሙበት የተልባ ዘይት የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጥላ ውስጥ ሳምንት ማቆየት፣ መድገም። ይኸው ነው።

ቀንድ የበዓል ነገር ነው። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ቅርጫ በሬ ሲጣል ሥጋው በመደብ ይከፈላል፣ ቆዳው ይሸጣል፤ ቀንዱን ዓይን የሚጥልበት ሰው ጥቂት ነው። ከሥሩ ክፍት ነው፣ ውስጡን አጥንት ሞልቶታል። ያ ክፍት ወገን ዋንጫ ይሆናል። ለእጀታ የሚፈለገው ጫፉ ላይ ያለው ድፍኑ ነው። ቀንድ የተሠራው ጥፍራችንና ፀጉራችን ከተሠሩበት ነገር ነው፤ ለዚህም ነው በፈላ ውኃ ሲቀቀል የሚለሰልሰው፣ በሁለት እንጨት መሃል ሲጠበቅ የሚቀናው፣ ሲቀዘቅዝም የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ የሚቀረው። መልኩን አልክድም፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ሲያዙት ደግሞ ዳር ዳሩ ብርሃን ያሳልፋል። በሥራ ላይ ግን ብዙ ይወራለታል እንጂ ያን ያህል አይደለም። ጮማ ሲነካው ይሟልጫል። ቁርጥ የሚቆርጥ ሰው ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ስለቱን ከከንፈሩ ሥር ነው የሚያስኬደው፤ ያን ጊዜ የሚሟልጭ እጀታ አልመኝለትም።

ቀንድ ሌላም ጠላት አለው። በሰብሳቢነቴ መጀመሪያ አንድ በጣም የምኮራበት ባለ ቀንድ እጀታ ካራ ነበረኝ። በሱፍ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሁለት ዓመት አላየሁትም። ስከፍተው እጀታው ወንፊት ሆኗል። ብል ሱፉንም ቀንዱንም አንድ ላይ በልቷቸዋል፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ምግብ ናቸው። ካራውን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ አዲስ ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

አጥንት በእኛ ገበያ ብዙ አይገኝም፤ አይለሰልስም፣ ሲወድቅ ይፈለጣል። ሆኖም የዝሆን ጥርስ ነው ተብሎ የሚሸጠው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አጥንት ስለሆነ መለያውን ማወቅ ይጠቅማል። አጥንት ላይ በማጉያ መነጽር ሲያዩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቋቁር ነጥቦች ወይም ጭረቶች አሉ፤ ደም ይሄድባቸው የነበሩ ቦዮች ናቸው። የዝሆን ጥርስ ሲቆረጥ ደግሞ እንደ መረብ የሚተላለፉ ስስ መስመሮች ያሳያል። የጋለ መርፌ የማይታይ ቦታ ላይ ቢያስነኩት ቀንድ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል። የዝሆን ጥርስ ሆኖ ከተገኘ ምክሬ አጭር ነው፤ አይግዙ። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥላለች። ድሮ የመኳንንት ጎራዴና ሾተል እጀታ የነበረው የአውራሪስ ቀንድም ዓለም አቀፍ ንግዱ ከታገደ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚያን ማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይሂድ።

የእኔ ልብ ያለው ከዚያ ይልቅ ርካሹ ላይ ነው፤ ቀለህ። ጭራው የሚገባበት የእጀታው አፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ጎጃም ደግሞ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አጥቶ አያውቅም። ቀለህ ከመዳብና ከዚንክ የተቀላቀለ ነሐስ ነው፤ አይዝግም፣ በትንሽ እሳት ይለሰልሳል፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሞረድ ከተቆረጡ የተዘጋጀ ቀለበት ነው። ሳጥኔ ውስጥ 11 የቀለህ ቀለበት ያላቸው አሉ። አንዱ ግን ቀለሁን የተጠቀመው በአፉ ሳይሆን በቂጡ ነው፤ የወይራው ጫፍ ቀለሁ ውስጥ ተወትፏል፣ የቀለሁ መቀመጫ ከውጭ ይታያል። እዚያ ላይ የፋብሪካውና የዘመኑ ምልክት ነበረበት። በመዳፍ ተፍቆ አሁን የሚነበበው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 3።

ይህን ቢላዋ ያገኘሁት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ነው። የሸጠልኝ ሰው «የጣሊያን ጊዜ ነው» አለኝ። ለማመን የሚያጓጓ ነገር አለው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ቡሬ ላይ ከነበረው የጣሊያን ምሽግ ጋር ገጥመዋል፤ ጣሊያን ምሽጉን ለቆ በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈግፍጓል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ሰሞን መሬት ላይ ምን ያህል ቀለህ እንደቀረ መገመት አያቅትም። ሆኖም 3 ቁጥር እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በመዝገቤ ላይ የጻፍኩት «ሻጩ የጣሊያን ጊዜ ብሏል» ብዬ ነው። ሰብሳቢ ነኝ ብሎ ታሪክ የሚጨምር ሰው ከብል የባሰ ነው።

ፕላስቲክን ደግሞ ላመስግነው፤ ሰብሳቢዎች አይወዱልኝም። ባለ ቢጫ ጀሪካን እጀታ፣ ባለ ሰማያዊ የውኃ ቱቦ እጀታ፣ ባለ ጎማ እጀታ ገበያውን ሞልተውታል። የቧንቧ ቁራጭ ከሰል ላይ ጠጋ አድርጎ አለስልሶ በጭራው ላይ መክተት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ ብል አይበላውም፣ ታጥቦ ይጠራል። ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል ሴት ወይራ ትግዛ ብዬ አልሰብክም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ እሳት ዳር ተረስቶ ሲገኝ ይቀልጣል፣ ምድጃ ካለበት ቤት ደግሞ ይህ ይደጋገማል። ከቀለጡት ሁለቱን ገዝቻለሁ። በአንደኛው ላይ፣ ፕላስቲኩ ትኩስ እያለ የጨበጠው ሰው የአራት ጣት አሻራ ታትሞበታል፤ ከሰበሰብኳቸው ሁሉ ሠሪው ፊርማውን የተወበት እጀታ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ዘጠኝ ቢላዋ በቦርሳ ይዤ ስመለስ ፍተሻ ላይ ወረድኩ። ፈታሹ ወጣት አንድ በአንድ አወጣቸው፣ አስፋልቱ ዳር ደረደራቸው፣ «ሥጋ ቤት አለህ?» አለኝ። እጀታ እንደምሰበስብ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። «እሺ፣ እጀታውን ውሰድ፤ ስለቱን እዚህ ተወው» አለኝ። ቀልዱ ከገባኝ በኋላ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት በላይ ይዤ አልሄድም፤ እነሱንም በካርቶን ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር፣ ከመዝገቡ ጋር። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ልላክ የሚል ካለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደሚከለክል ይወቅ። የትኛው ቢላዋ ቅርስ ነው፣ የትኛው የወጥ ቤት ዕቃ ነው የሚለውን ቅርስ ባለሥልጣኑ ጠይቆ መሄድ ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ይቀላል።

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን የቡሬዋን ሴትዮ ቢላዋ ምን እንዳደረግሁት ልንገርና ላብቃ። ጀማሪ ነበርኩ። ቤት እንደገባሁ እጀታው ቆሽሿል ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ጥቁሩ ሲለቅ ሥሩ ያማረ ወይራ ወጣ፤ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ነው የገባኝ። ያ ጥቁር ነገር የስንት ዓመት ቅቤ፣ ጢስና ላብ ነበር፤ ከእሱ ሥር ደግሞ በጣት የተቆጠረ የሚመስል ጭረት፣ አምስት በአንድ ወገን ሦስት በሌላው፣ እንደነበረ ከመፈተጌ በፊት ያነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ ይታያል። ምን እንደተቆጠረበት አላውቅም፤ አሁን ማንም አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አያትዎ ቤት ጣሪያ ሥር የተሰካ ቢላዋ ካለ ስለቱን እንደፈለጉ ይሞርዱት። እጀታውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ከየትኛው በሬ እንደሆነ አያትዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ፣ የነገሩዎትንም ከቀኑ ጋር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እዚያው ይሰሩት። ብርጭቆ ወረቀት ግን አያስነኩት።